ሦስተኛው ሳንቃ

ቲነር ሲሸተኝ ራሴን ያመኛል እላለሁ ለሰው። ውሸቴን ነው። ራሴን አሞኝ አያውቅም፤ የሚያመኝ ሌላ ቦታ ነው፣ እሱን ደግሞ ለመንገደኛ አይነግሩትም። ዛሬ ሮቤ ውስጥ ከዚህ ሽታ መሸሽ አይቻልም። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው አስፋልት ዳር ወጣቶቹ ቡፌና አልጋ ደርድረው፣ ኮምፕሬሰራቸውን እያስጓሩ ቀለም ሲረጩ ይውላሉ። ባጃጅ በመሀላቸው ያልፋል፣ አቧራው እርጥቡ ቀለም ላይ ይቀመጣል፣ ማንም ግድ የለው። አቦ ቢያይ በቁሙ ይሞት ነበር እላለሁ በልቤ፤ ከዚያ ያልኩት ነገር ራሱ ያስደነግጠኝና መንገዱን ተሻግሬ በማዶ እሄዳለሁ።

አቦ የምለው አባቴን ነው፤ እናታችንን አዮ ነበር የምንላት። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ በር ላይ አማርኛ፣ ከአላህ ጋር ዐረብኛ እያወራን ነው ያደግነው። ታዲያ ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ ትናንት ከሰዓት ወንድሜ ጀማል አንድ ካርቶን አቅፎ መጣ። ጀማል በሁለት ዓመት ታናሼ ነው፤ አሁን ጢሙን ሂና የሚቀባ፣ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን የሚይዝ ሽማግሌ ሆኗል። ሰላምታውን ጨርሶ ካርቶኑን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው።

«ምን ይዘህ መጣህ?» አልኩት።

«የቀለም መርጫ ነው። ኮምፕሬሰር አይፈልግም፤ ሶኬት ላይ ሰክቶ መርጨት ብቻ ነው። ባለሱቁ ሦስት ዓይነት አሳይቶኝ ይኼኛው ለቤት ዕቃ ይሻላል አለኝ።»

«ምን ልትረጭበት?»

ዞሮ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን የአቦን ቁም ሳጥን አየ። «ሀያት ልታገባ አይደል» አለ፤ ሀያት የመጨረሻ ልጁ ናት። «የአያቷን ዕቃ ብንሰጣት ደስ ይላታል። ፊቱን ግን እንዲህ እንደተጨማደደ አንሰጣትም።»

«ፊቱን ተወው።»

«ዘይኑ...»

«ጎኑን አድስ፣ ላዩን አድስ፣ ካሻህ እግሩን ወርቅ ቀባው። ፊቱን ተወው አልኩህ!»

ድምፄ ከፍ ማለቱ ለራሴም ተሰማኝ። ጀማል ድሮም ዝምታ ያውቅበታል። እኔም ሻይ ላፈላ ብዬ ተነሣሁና ምድጃው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ሻዩ ፈልቶ ክዳኑን እያንኳኳ እኔ ያን ዘመን ውስጥ ነበርኩ።

ያን ጊዜ ሮቤ መንገዷ ጭቃ፣ መኪናዋ የፈረስ ጋሪ ነበር። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ጉሙ ፊትህን ያጥብሃል፤ ጎረቤትህን የምታውቀው በሳሉ ነው። ዳቦ በአስር ሳንቲም የሚገዛበት ዘመን ነበር፣ እርግጥ ነው፣ ግን ዳቦው ሲኖር ነው። ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በተራ ነበር የሚገኘው፤ እዚያ ሰልፍ ላይ ያልተወራ ወሬ፣ ያልታጨች ልጃገረድ አልነበረችም። ወንዱ ካኪ ይለብሳል፤ እኛ ሴቶቹ አበባ አበባ ያለበት ቀሚስና ኮንጎ ጫማ። ያ የላስቲክ ጫማ በብርድ ጊዜ እንደ ድንጋይ ይጠጥርና ተረከዝ ይልጣል። ቀበሌው ጣራ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ከጠዋት እስከ ማታ ስለ እናት አገር ይዘፍን ነበር። ዘፈኖቹ ምን ያደርጋሉ፣ ያምራሉ። አዮ እንኳን ስትወቅጥ ሳታውቀው አብራ ታንጎራጉርና ድንገት ትዝ ሲላት «ምላሴን ይቁረጠው» ትል ነበር።

የምትለው ወዳ አይደለም። ያ ዘፈን የሚዘፈነው ልጅ ሊወስዱ ሲሉ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና በጥሪ ይጀመርና ሰው ሲጠፋ በአፈሳ ያልቃል። የጎረቤታችን የአዴ ከዲጃ ልጅ ወፍጮ ቤት ተራ ይዞ ቆሞ ነው የታፈሰው፤ ጆንያው እዚያው ቀረና እሷ ሄዳ እህሉን አስፈጭታ ተሸክማ መጣች። ያን ዱቄት ሳትነካው ነቀዘ። ወደ ሰሜን ሄደ ከማለት በቀር ስለ ልጁ የሰማ የለም። ጀማል ያን ዓመት አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነበር። በአፈሳ ቀን ኮርኒስ ላይ እየወጣ ይደበቅ ነበር፤ ኋላ ግን አብዮት ጠባቂዎቹ ኮርኒሱን በዱላ መውጋት ጀመሩ። ያኔ ለቀበሌው «ሐረና አጎቱ ዘንድ ቡና ሊለቅም ሄዷል» ብለን አስመዘገብን። እርግጥ አጎታችን ሐረና ጫካ ውስጥ ነበር፤ ግን በየመንገዱ ኬላ አለ፣ እንዴት ተደርጎ ይኬድ? ልጁ ቤት ውስጥ ነው ያለው።

መላውን ያመጣው አቦ ነው። አቦን ሰው ከድር ቀለም ነበር የሚለው፤ በብሩሽ በር፣ መስኮት፣ ቡፌ ሲቀባ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ጥንት ለእሱና ለአዮ ሠርግ ያሠራው የኮሶ እንጨት ቁም ሳጥን ነበረን፤ ሁለት በር ያለው፣ ቀይ ቡኒ፣ ስትከፍተው የሚያቃስት። አቦ በስተቀኝ በኩል አስፋፋውና ሦስተኛ ሳንቃ ጨመረበት። ሲያዩት ለጌጥ የተመታ ድፍን እንጨት ይመስላል፤ ከኋላው ግን አንድ ቀጭን ሰው ቆሞ የሚይዝ ቦታ አለ። ሳንቃው ከውስጥ በመንጠቆ ይዘጋል። ጀማል ገብቶ ሲዘጋው አዮ «ያ ረቢ፣ ቁሞ የተቀበረ» ብላ ፊቷን አዞረች።

ችግሩ ቀለሙ ነበር። አዲሱ ሳንቃ ዝግባ ነው፣ ነጣ ያለ ነው፤ ከኮሶው አጠገብ ሲቆም ዕውር እንኳ ይለየዋል። ሁሉም በአንድ ቀለም መልበስ አለበት። በብሩሽ ሲቀቡት ደግሞ ቫርኒሹ በሳንቃው ዙሪያ ያለችው ስንጥቅ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ወይ ሳንቃውን ያጣብቀዋል፣ ወይ ጥቁር መስመር ሆኖ «እዚህ ጋ በር አለ» እያለ ይጮኻል። አቦ አንድ ጊዜ ቀባና ፍቆ ጣለው። «ይኼ በብሩሽ የሚሆን አይደለም» አለ። «መረጨት አለበት። ስስ ሆኖ፣ እንደ ጤዛ።»

እንግዲህ መርጫ ፍለጋ ተጀመረ። መጀመሪያ የቤታችንን የፍሊት መርጫ አመጣ፤ ያቺን ለቁንጫና ለትኋን የምንነፋባትን። ቫርኒሹን በቲነር አቅጥኖ፣ በአዮ ሻሽ አጥልሎ፣ በቁራጭ እንጨት ላይ ሞከራት። ምን ያደርጋል፣ ትተፋለች እንጂ አትረጭም፤ እንጨቱ ፈንጣጣ የያዘው ፊት መሰለ። ቀጥሎ የወባ ሠራተኞች በጀርባቸው የሚያዝሉትን ትልቁን መርጫ ከሚያውቀው ሰው ለመነ። ያኛው ደግሞ ለግድግዳ ነው የተሠራው፤ ቫርኒሹን እንደ ዝናብ ያወርደዋል። ይባስ ብሎ ቲነሩ ውስጡ ያለችውን ጎማ በልቶ አሳበጣት። ሰውዬው መርጫውን ሲረከብ ያለውን እዚህ አልጽፈውም።

በመጨረሻ አቦ ጎባ ሄደ። ጎባ ጋራዥ የነበረው አቶ ተሰማ የሚባል ወዳጅ ነበረው፤ ክርስቲያን ነው፣ ግን ከብዙ ሙስሊም ይልቅ አማናውን፣ አደራውን የሚጠብቅ ሰው። የመኪና ቀለም መርጫ ነበረችው፤ እጀታ ያላት፣ ላይዋ ላይ ትንሽ ጣሳ ያላት፣ ከአፏ ጥሩ ጭጋግ የምታወጣ። አቦ ሲነግረን እንዲህ ነበር ያወሩት።

«ኮምፕሬሰሩንም ልስጥህ?» አለው አቶ ተሰማ።

«አይ፣ ድምፁ ይረብሻል።»

አቶ ተሰማ አንድ አፍታ አየው። ለምን ብሎ አልጠየቀም። «ድምፅ ካልፈለግህ ከመነዳሪ ውሰድ» አለና የከባድ መኪና ጎማ ውስጥ የምትገባውን፣ አየር የምትሞላዋን ትልቅ ከመነዳሪ ከነመንፊያዋ ሰጠው። «አየሩን እዚህ ሙላ፣ ቱቦውን ከመርጫዋ ጋር እሰር። እስኪጎድል ትረጫለህ፣ ሲጎድል ትነፋለህ። ታዲያ ከድር፣ እንደጨረስክ ወዲያው እጠባት። ከደረቀች ሞተች።»

አቦ ይህቺን የመጨረሻዋን ቃል እንደ ሐዲስ ነው የያዛት። ለቀናት አፉ ላይ ሌላ ነገር አልነበረም።

የእኛ አገር ብርድ ለቫርኒሽ ጠላቱ ነው። ጉም ባለበት ከረጩት ላዩ ይነጣል፤ ስለዚህ ፀሐይ ወጥታ ቤቱን እስክታሞቅ መጠበቅ፣ ጉሙ ከተራራው ሳይወርድ ደግሞ መጨረስ ነበረበት። አቦ ሳሎኑን ባዶ አደረገ፤ አቧራ እንዳይነሣ መሬቱን ውሃ አርከፈከፈ፤ አፍና አፍንጫውን በፎጣ አሰረ። ያቺን የማትለየውን የአመድ ቀለም ካፖርቱን እንኳን አላወለቀም። ያቺ ካፖርት ከሰልባጅ ተራ የተገዛች ሱፍ ናት፤ ሽመናዋ ሻካራ፣ ጥርብ ጥርብ ያለ፣ ስትታቀፈው ጉንጭ የምትፍቅ። እኛ መንፊያው ላይ ተራ ገባን፤ አዮ ትነፋለች፣ እኔ እነፋለሁ፣ ጀማል ይነፋል። ጀማል ሸሚዙን አውልቆ ሲነፋ አዮ «አይ ልጄ፣ የገዛ ጉድጓዱን የሚቆፍር አንተን አየሁ» አለችው፤ እሱም «ጉድጓዱ ያምራል እኮ አዮ» አለ። ሳቅን። ወላሂ፣ እንዲያ ስቀን አናውቅም። አቦ ብቻ «ዝም በሉ፣ እጄን አታስቱብኝ» ይላል። እጁ ከቆመ ይፈሳል፣ ከሮጠ ይሳሳል፤ ክንድ ያህል ርቆ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሳያቋርጥ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል።

ሁለት ጊዜ ሲረጨው ስንጥቋ ጠፋች። ሦስተኛውን ሳንቃ ከሌሎቹ መለየት አቃተን። አዮ «አልሐምዱሊላህ፣ በቃ» አለች። «አሁን አመድ ነስነስበትና ያርጅ።»

አቦ መርጫዋን በእጁ ይዞ ቆመ። እድሜ ልኩን ብሩሽ ይዞ፣ የብሩሽ ፀጉር ከቀለም ላይ ሲለቅም የኖረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ልስላሴ በገዛ እጁ ሲወጣ አይቶ አያውቅም። «አንድ ጊዜ ብቻ ልድገመው» አለ።

«ይበቃል ከድር።»

«አንድ ብቻ። እንዲያው ለዓይን።»

አንዱ ሦስት ሆነ። በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ፣ እንደገና እየረጨ፣ መስተዋት አደረገው። አመድ ልነስንስ ስትለው እጇን ያዘ። አልፈርድበትም፤ በዚያ ዘመን አንድ የሚያምር ነገር መሥራት የተራበ ሰው እንጀራ እንደማየት ነበር። ግን ቁም ሳጥኑ እንዲታለፍ ነበር የተሠራው፤ አሁን በር ላይ ለሚያልፍ ሁሉ የሚታይ ሆነ።

ሽታው መንደሩን ሞልቶት ስለነበር ምክንያት መስጠት ነበረብን። አዮ «ለዘይነባ ሠርግ ነው» አለች። እኔ እኮ ያኔ ማንም አልጠየቀኝም! ሙሽራው ከየት ነው ሲሏት ምላሷ ላይ የመጣላትን «የዶዶላ ነጋዴ ልጅ ነው» አለች። ያ የዶዶላ ሙሽራ እስካሁን መንገድ ላይ ነው። ደግሞ በእኛ አገር የሙሽራ ዕቃ ተሠራ ከተባለ ጎረቤት መጥቶ አይቶ መመረቅ አለበት፤ በር መዝጋት ነውር ነው፣ ከመዝጋቱም ጥርጣሬው ይብሳል። ስለዚህ መጡ። አዴ ከዲጃ በመዳፏ ዳበሰችውና «ማሻ አላህ፣ ፊቴን አየሁበት እኮ» አለች፤ ልጇ ከታፈሰ ወዲህ ፈገግ ስትል ያን ቀን ነው ያየኋት። ጀማል ከእጇ ሥር፣ ከሳንቃው ኋላ፣ ትንፋሹን ውጦ ቆሞ ነበር። እሷ በክፋት አይደለም፣ ደስ ብሏት፣ የስኳር ሰልፍ ላይ የከድርን ቁም ሳጥን አወራች። ወሬው ሰልፉን ጨርሶ ቀበሌ ገባ።

የመጡት ከምሳ በኋላ ነው። በሩ ሲመታ ጀማል እንደ ልማዱ ገብቶ መንጠቆውን ዘጋ። የገባው የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ ነበር፣ አራት አብዮት ጠባቂ አስከትሎ። ድሮ አውቶቡስ ተራ ትኬት ይቆርጥ የነበረ ሰው ነው፤ አቦን አንቱ እያለ ነበር የሚያናግረው። ቤቱን አልፈተሹም። ኮርኒሱን አልወጉም። በመስኮት ሳይ ደጃፉ ላይ ባዶ የፈረስ ጋሪ ቆሟል። ሊቀመንበሩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቁም ሳጥኑ ፊት ቆመ፤ ባርኔጣውን በነጸብራቁ አስተካከለ።

«እንዴት ያለ እጅ ነው ያለዎት፣ ጓድ ከድር» አለ። «ከጎባ ትልቅ እንግዳ ይመጣብናል፤ ጽሕፈት ቤታችን ደግሞ ባዶ ነው። ይኼ ለሕዝብ ያገልግል።»

አዮ «የልጄ የሠርግ ዕቃ ነው እኮ፣ የኔ ጌታ» አለች።

«ለልጅቷ ሌላ ይሠሩላታል። እጃቸው አለ።»

ልብሱን እናውጣ ብለን አንድ አንድ እያወጣን ጊዜ ገዛን፤ ልብስ ደግሞ ያልቃል። አራቱ ገብተው ሊያነሡት ሞከሩ። ከመሬት ትንሽ ተነሣና ወደ አንድ ጎን ጋደለ። «ባዶ አይደለም እንዴ? ምን ሞልታችሁበታል?» አለ አንዱ። አቦ «ኮሶ ነው። ኮሶ ይከብዳል» አለ ረጋ ብሎ። ባለጋሪውን ጥራው ተባለና አንዱ ወጣ።

ያኔ አቦ ጥግ የነበረውን የቲነር ቆርቆሮ አነሣ። ክዳኑን ከፈተ። ማንም ምን እንደሚያደርግ ሳይገባው ያን ሁሉ በቁም ሳጥኑ ፊት ላይ ደፋው፤ ከላይ እስከ ታች፣ በሩን፣ ሳንቃውን፣ ሁሉንም። ያ መስተዋት ዓይናችን እያየ ነጣ፣ ተጨማደደ፣ እንደ ወተት ስልባቦት እየተኮማተረ ወረደ። ሊቀመንበሩ ከአንቱ ወደ አንተ ወረደ። «አንተ! የሕዝብ ንብረት! ይኼ አሻጥር ነው!»

አቦ ዞሮ ጀርባውን ለሦስተኛው ሳንቃ ሰጠ፣ እጆቹን ግራና ቀኝ ዘረጋ፣ እግሩን መሬት ላይ ተከለ። «ይኼ ዕቃ ከዚህ ቤት አይነቃነቅም» አለ። በሰደፍ ትከሻውን መቱት። አልለቀቀም። ሆዱን መቱት፤ አጎነበሰ፣ ጀርባውን ግን ከሳንቃው አላነሣም። እኔ እብደት መሰለኝ። ቁም ሳጥኑ ከተበላሸ ወዲያ ማን ይፈልገዋል? ዞር ቢል፣ ይቅርታ ቢል፣ ምናልባት ይተዉት ነበር እያልኩ በልቤ እጮኻለሁ። በመጨረሻ ሦስት ሆነው ጎትተው አነሡት። ሊቀመንበሩ የተበላሸውን ዕቃ በእግሩ ገፋ አደረገና ተወው።

ከበሩ ሳይወጣ አቦ ወደ እኔ ዞረ። ከከንፈሩ ደም ይወርዳል። «ዘይኑ» አለኝ፣ «መርጫዋን እጠቢያት። እንዳትደርቅ።»

አጠብኳት። ጎረቤት በመስኮት እያየ፣ አዮ መሬት ላይ ተዘርፍጣ፣ ቁጭ ብዬ አፏን በመርፌ እየጠረግሁ አጠብኳት። አቦን የጫነው ጋሪ ከዓይን ሲጠፋ ነው ሳንቃውን የከፈትነው። ጀማል ሳይነጋ ወጣ፤ በእግሩ፣ በጫካ፣ ኬላውን ዞሮ ሐረና ገባ። መንግሥት እስኪወድቅ እዚያው ቡና ሲለቅም፣ ቀፎ ሲሰቅል ኖረ።

እኔ አቦ ወደታሰረበት ወደ ጎባ ወኅኒ ስንቅ ይዤ መመላለስ ያዝኩ። መርጫዋን ለአቶ ተሰማ ልመልስ ወስጄ ነበር፤ አልቀበልም አለኝ። «አባትሽ ራሱ ይመልስልኝ» አለ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም። አዮ በየጊዜው ዘይት ትቀባት ነበር፤ አቦ ሲመለስ ደርቃ እንዳያገኛት። አንድ ቀን ከወኅኒው በር ላይ ስንቁን መለሱልኝና አንድ ጥቅል ሰጡኝ። «ከእንግዲህ አትመላለሺ» አለኝ ዘበኛው። ካፖርቱ ነበር። ጀርባው ላይ ቫርኒሹ ደርቆ እንደ ጣውላ ሆኗል፤ አልታጠፍ አለኝ። አዮ ስታየው አልጮኸችም፣ ጩኸት ያኔ ያስጠይቃል። ሬሳ የለ፣ ማጠብ የለ፣ ከፈን የለ። አባታችን ሳይከፈን አፈር እንደገባ ብቻ እናውቃለን፤ የት እንደሆነ አናውቅም።

ሻዩን ይዤ ስመለስ ጀማል ቁም ሳጥኑ ፊት ቆሞ ነበር። በሮቹ ላይ ቫርኒሹ እንደ ሽማግሌ ቆዳ ተሸብሽቧል። ሦስተኛው ሳንቃ ላይ ግን ሽብሽቡ የለም፤ በምትኩ የካፖርቱ ሽመና ጥርብ ጥርቡ ሳይቀር ታትሞበታል። ሰፊ ነው፣ ከላይ ሁለቱ የትከሻ አጥንቶች የተጫኑበት ይታያል። እኔ በየጠዋቱ አቧራውን የምጠርገው በጣቴ ነው፤ በጨርቅ አልደፍርም።

«ለምን ፊቱን ተወው እንዳልኩህ አሁን ገባህ?» አልኩት።

«አቦ ለምን እንደተደገፈው ታውቂያለሽ?» አለኝ ሳይዞር።

«እንዳይወስዱት ነዋ።»

«አይደለም።» እጁን ወደ ሳንቃው ዘርግቶ ሳይነካው መለሰው። «አሻጥር ሲሉት ሰማሁ። መንጠቆውን ፈታሁና ገፋሁ። ልወጣ፤ እኔ ነኝ፣ እሱን ተዉት ልል። ሳንቃው ስንጥቅ አለ፣ ብርሃን አየሁ። ያኔ ነው ጀርባውን የሰጠኝ።»

ብርጭቆዎቹን መሬት ላይ አስቀመጥኳቸው።

«ገፋሁት፣ ዘይኑ። በትከሻዬ፣ በጉልበቴ ገፋሁት። እሱ ሽማግሌ፣ እኔ ጎረምሳ፤ አልቻልኩትም። ሲመቱት ምቱ በእንጨቱ በኩል ደረቴ ላይ ይደርሳል። በኋላ ጎትተው ሲያነሡት ካፖርቱ ከቫርኒሹ ሲላቀቅ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ሳንቃውን የያዘ ሰው አልነበረም። በጣት ብትነኪው ይከፈት ነበር። አልነካሁትም።»

ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ማዕድ ቀርበን፣ አዮን አብረን ቀብረን፣ ይህን ነገር ብቻውን ይዞት ኖሯል። አዘንኩለት፤ ተናደድኩበትም፣ ለምን አልነገርከኝም ብዬ። ከሁሉም በላይ ግን አቦን እንደገና ያየሁት መሰለኝ፤ ያኔ እብደት ያልኩት ነገር እብደት እንዳልነበር አሁን ገና ገባኝና አለቀስኩ።

«ብትወጣ ኖሮ ያ ሁሉ ዱላ ለምን ነበር?» አልኩት። «ሁለታችሁንም ይወስዷችሁ ነበር እንጂ እሱን አይለቁትም።»

«እሱን ለራሴ ነግሬዋለሁ። አልሰማ አለኝ።»

ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገና ካርቶኑን ከፈተ፤ ወንድ ልጅ ሲጨንቀው እጁን ሥራ ያስይዛል። ከመርጫው ጋር ሥዕል ያለበት ወረቀት ነበር። «የማይረጨውን ቦታ በጋዜጣ ሸፍኑ ይላል» አለኝ። «በሮቹንና ጎኑን አድሳለሁ። ሳንቃውን እንሸፍነዋለን። ለሀያትም ምን እንደሆነ እኔው እነግራታለሁ።»

«የአቦ ጀርባ በጋዜጣ አይሸፈንም» አልኩ።

ወደ ሳጥኔ ሄድኩ። እንደ እኔ ያረጀ ሰው ከፈኑን ገዝቶ ያስቀምጣል፤ ሞት ሲመጣ ልጆቹ አቡጀዴ ፍለጋ እንዳይሯሯጡ። የእኔም ሳጥኑ ሥር፣ ያልታጠበ፣ ነጭ፣ ተጣጥፎ ተቀምጧል። አወጣሁት። በሳንቃው ልክ ለካሁና በመቀስ ቆረጥኩለት። ጀማል የማደርገውን አየ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ሄዶ እጁንና ፊቱን ታጠበ። ከቀኝ በኩል ጀመርን። እሱ ከላይ እየያዘ፣ እኔ ጠርዙን በፕላስተር እያጣበቅሁ፣ ትከሻውን፣ ወገቡን፣ እስከ ታች አለበስነው። ጀማል ፋቲሓ ቀራ፤ እኔም አሚን አልኩ።

«ለአንቺ ያጥርሻል እኮ» አለኝ የቀረውን አቡጀዴ እያየ።

«ድሮም አጭር ነኝ። ይበቃኛል።»

ከዚያ መስኮቱን ከፈትን፣ መሬቱን ውሃ አርከፈከፍን። ጀማል መርጫውን ሶኬት ላይ ሰክቶ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሳያቋርጥ፣ አቦ እንዳደረገው ረጨ። እኔም ቲነሩን አልሸሸሁም፤ አጠገቡ ቆምኩ። ጉሙ ከተራራው መውረድ ሲጀምር ጨረሰና መርጫውን መሬት ላይ ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ።

«እጠባት» አልኩት። «እንዳትደርቅ።»